ዝምታ ያዘዙት ሐኪም

መጀመሪያ ዓይኔን የያዘው የግራ እጃቸው ጀርባ ነበር። ከአውራ ጣታቸው ሥር እስከ አንጓቸው ድረስ ጥፍር የሚያካክሉ ክብ ምልክቶች ተበትነውበታል። አንዳንዶቹ ከርመው ጠቁረዋል፤ አንድ ሁለቱ ገና ቀልተው ያብለጨልጫሉ። ፈንጣጣ ነው እንዳልል ቀኝ እጃቸው ንጹሕ ነው።

ጊዜው 1964 ዓ.ም. ነው። የዩኒቨርሲቲ አገልግሎቴን እንድፈጽም ቡታጅራ ተመድቤ አስተምር ነበር። የጠመኔው ብናኝ ጉሮሮዬን ዘግቶ ድምፄ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ ሲል፣ አንድ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ከአዲስ አበባ እየመጡ ጤና ጣቢያው ውስጥ ሰው እንደሚያዩ ነገሩኝና ሄድኩ። ዶክተር ገሠሠ ደበሌ ይባላሉ። አርባ ዓመት ቢሆናቸው ነው። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ወሬ የማያበዙ ሰው ናቸው።

ቡታጅራ መብራት የሚመጣው ሲመሽ ብቻ ስለነበር የሚሠሩት በፀሐይ ነው። በሽተኛውን ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥተው ያስቀምጡታል። ግንባራቸው ላይ መሃሏ የተበሳ ክብ መስታወት አለች፤ የመስኮቱን ፀሐይ ተቀብላ ወደ በሽተኛው አፍ ትልካለች። ፀሐይ አፌ ውስጥ ስትገባ ይህ የመጀመሪያዋ ነበርና ተገርሜ መዝጋቱን ረሳሁት። ከዚያ ረጅም እጀታ ያላትን ሌላ ትንሽ መስታወት ከአልኮል ኩራዟ ነበልባል በላይ አሞቁ። ወደ አፌ ከማስገባታቸው በፊት የግራ እጃቸው ጀርባ ላይ አሳረፏት። ምልክቶቹ ከየት እንደመጡ ያን ጊዜ ገባኝ።

«አያቃጥልዎትም?» አልኳቸው።

«ያቃጥለኛል» አሉ። «ከቀዘቀዘች ትንፋሽህ ያደበዝዛታል፤ ከጋለች ጉሮሮህን ትልጣለች። እጄ ካልቻላት አንተም አትችላትም። ምላስህን አውጣ።»

ምላሴን አወጣሁ። ከእኔ በፊት እዚያ ወንበር ላይ ስለተቀመጠው ሰው ሁሉ አሰብኩ። የእያንዳንዱን ጉሮሮ ሙቀት አስቀድሞ የቀመሰው ይህ እጅ ነው።

ስለ ሕይወታቸው የማውቀውን በኋላ፣ በአውቶቡስ ጉዞና በመንገድ ዳር ቁርስ ላይ፣ ጥቂት በጥቂት ነው ያገኘሁት። የተወለዱት ከቡኢ ወጣ ብላ ባለች የክስታኔ ጉራጌ መንደር ነው። እናታቸው ዓይናቸው ደካማ ስለነበር ቆጮ ከመጋገሩ በፊት ቃጫውን መልቀም የትንሹ ልጅ ሥራ ሆነ። ቃጫ ከቆጮ ውስጥ የሚቀር የእንሰት ክር ነው፤ አንዲት ካመለጠች ጉሮሮ ላይ ትተበተባለች። እኩዮቻቸው «ገሠሠ ሴትዮዋ» እያሉ ያበሽቋቸው ነበር። አዲስ አበባ የሚነግድ አጎት ወስዶ አስተማራቸው። ሕክምናውን ቤሩት ተማሩ፤ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮውን ደግሞ ዛግሬብ። አንድ ቀን የተሰነቀረ የዓሣ አጥንት ደም ሳያስፈስሱ ሲያወጡ ያየ ፕሮፌሰር፣ እንዲህ ያለ እጅ ከየት አመጣህ ብሎ ጠየቃቸው።

«ቆጮ አልኩት» አሉኝ። «ምንድን ነው አለ። የሚበላ ዛፍ ነው አልኩት። ዛፍ ትበላላችሁ ወይ አለ። ሙዝ ይመስላል፣ ፍሬው ግን አይበላም አልኩት። ግንዱን ፍቀን፣ ቀብረን፣ ስንት ወር አቆይተን እንበላዋለን ስለው የማሾፍበት መሰለው መሰለኝ፣ ወደ ሌላ በሽተኛ ሄደ።»

ለምን ልብ ወይም ሳንባ እንዳልመረጡም ጠይቄያቸዋለሁ። «ልብ የሚያክም ሰው ልቡን አያየውም፣ ጆሮውን ደረት ላይ ደግፎ ይገምታል። እኔ የማክመውን ማየት እወዳለሁ» አሉ።

ሲመለሱ አዲስ አበባ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ተቀጠሩ። በዕረፍት ቀናቸው ግን አንድ ጊዜ ወደ ወልቂጤ፣ አንድ ጊዜ ወደ ቡታጅራ በአውቶቡስ ይወርዳሉ። ከልጆች ጆሮ በቆሎና ባቄላ ያወጣሉ። ከኩሬ ውሃ የጠጣ ሰው አፍንጫ ውስጥ የተጣበቀ አልቅት ሲመጣላቸው መቆንጠጫ ለማንሳት አይቸኩሉም። በሽተኛውን ጥቂት አስጠምተው፣ ጎድጓዳ ሳሕን በቀዝቃዛ ውሃ ሞልተው አፍንጫው ሥር ያስቀምጡና ዝም ብለው ይጠብቃሉ። አልቅቱ ውሃው ሸትቶት ራሱን ብቅ ሲያደርግ ያን ጊዜ ይይዙታል። ይህን ባየሁ ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የቡታጅራ ሰው ግን ይፈራቸው ነበር እንጂ አይወዳቸውም ነበር። ምክንያቱ ሰላምታ ነው። እዚያ ሰላምታ ማለት የልጆቹ፣ የከብቱ፣ የዝናቡ፣ የእንሰቱ ጤንነት በተራ ተጠይቆ፣ ለእያንዳንዱ ምስጋና ቀርቦ የሚያልቅ ነገር ነው። ዶክተር ገሠሠ «ደህና» ይሉና ወዲያው «አፍህን ክፈት» ይላሉ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ወይንሸት አንድ ቀን አልቻለችም።

«ዶክተር፣ እንደው እግዚአብሔር ይመስገኑን እንኳ አስጨርሷቸው።»

«እነሱ እስኪጨርሱ ፀሐይዋ ከመስኮቱ ታልፋለች» አሉ።

እውነታቸውን ነበር። ፀሐይዋ በእርግጥ ታልፋለች።

በዚያ በመጀመሪያው ቀን እኔ ከወንበሩ ስነሳ የተቀመጠው ሰው ሙሀመድአወል ይባላል። ከቡታጅራ ወረድ ብላ ያለችው የእንሴኖ ከተማ በርበሬ ነጋዴ ነው፤ ግን በበርበሬው የሚያውቀው የለም። በመውሊድ መንዙማውን የሚመራው እሱ ነው። ድምፁን የሰሙ ሰዎች ስለ ድምፁ ሲያወሩ የራሳቸውን ድምፅ ዝቅ ያደርጉ ነበር። አሁን ግን ከጉሮሮው የሚወጣው አየር ብቻ ነው። ባለቤቱ ሰፍያ አጠገቡ ቆማ ትናገርለታለች።

ዶክተሩ ያውቁታል። ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ወስደው፣ አስተኝተው፣ ከድምፅ ጅማቱ ላይ የስንዴ ቅንጣት የምታህል እብጠት ቆርጠውለታል። ሁለት ሳምንት ዝም እንዲልና ከበርበሬ ብናኝ እንዲርቅ አዘዙት። አሁን መስታወቷን አግብተው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«ተመልሷል» አሉ። «በርበሬውን አልተውክም።»

«ተወው እንጂ!» አለች ሰፍያ። «ሱቁን ለወንድሙ ሰጥቶ ቤቱ ተቀመጠ።»

«ታዲያ?»

«ቤቱ ተቀመጠ አልኩህ እኮ፣ ዶክተር። በገበያ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጤነኛ ነጋዴ ቤቱ ሲቀመጥ እንሴኖ ዝም ይላል? ምን ሆነ ብሎ ያልመጣ ሰው የለም። ከማረቆ ሳይቀር መጡ።»

«ዝም በል ብዬው ነበር።»

«ዝም አለ። ሲጠይቁት በእጁ ነው የመለሰው። ወላሂ አንዲት ቃል አላወጣም። ያው ሰላምታውን ብቻ ነው።»

ዶክተሩ መስታወቷን ከአየር ላይ አላወረዷትም። «ሰላምታውን ብቻ?»

ያን ጊዜ ሙሀመድአወል ራሱ፣ በዚያ አየር ብቻ በሆነ ድምፁ፣ ከልቡ ግር ብሎት ጠየቀ። «አሰላሙ አለይኩም ያለኝን ወአለይኩም ሰላም ማለት ወሬ ነው እንዴ፣ ዶክተር?»

ማንም አልሳቀም። ሰውየው ቃሉን ጠብቋል። ሲርበው አልጠየቀም፣ ሲያመው አልጮኸም፤ ከሚስቱ ጋር እንኳ በምልክት ነው የኖረው። በየቀኑ ለሚመጣው ሕዝብ የመለሰውን ሰላምታ ግን ከንግግር አልቆጠረውም። ለእሱ እንደ መተንፈስ ነው፤ መተንፈስ ደግሞ ማንም አልከለከለውም።

ዶክተር ገሠሠ ግንባራቸው ላይ ያለችውን መስታወት ወደ ላይ ገፉ። ፀሐይዋ ከመስኮቱ ስታልፍ አዩዋት።

«ሁለተኛ እቆርጠዋለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ሦስተኛ ግን የለም። ጅማቱ ከዚህ በላይ አይችልም። በዚህኛው ካልዳነ ጠባሳ ይይዛል፤ ጠባሳ ዜማ አያወጣም።»

«ዜማውን ከአባቴ አፍ ነው የያዝኩት» አለ ሙሀመድአወል። «ቃሉን ሌሎችም ይሉታል። አወጣጡን ግን የያዘው ይኼ ነው።» ጉሮሮውን ነካ። «ገና ለማንም አልሰጠሁትም።»

ሰፍያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ኦፕራሲዮኑ አዲስ አበባ ተደረገ። ሙሀመድአወል ሲመለስ ዶክተሩ ራሳቸው እሱንና ሰፍያን በአውቶቡስ ይዘው መጡ፤ ቡታጅራ ላይ እኔን አስጠሩኝ። «እስከ እንሴኖ አብረን እንሂድ» አሉ። «አንተም ጉሮሮህ ገና ስለሆነ ብዙ አታወራም።»

እንሴኖ የገበያ ቀን ነበር። ከአውቶቡሱ ስንወርድ የበርበሬው ሽታ ዓይናችንን አስለቀሰው። ሙሀመድአወልን ያየ ሁሉ ዘንቢሉን ጥሎ መጣ። «አሰላሙ አለይኩም! አሰላሙ አለይኩም!» ከየአቅጣጫው ነው። የሙሀመድአወል ከንፈር ተላቀቀ። አስቦበት አልነበረም፤ ከንፈሩ ራሱ ነው የተላቀቀው። ዶክተር ገሠሠም እንደዚያው ሳያስቡ፣ ያንን በምልክት የተሞላ ግራ እጃቸውን ዘርግተው አፉን ከደኑት።

ገበያተኛው ባለበት ቆመ። አንድ ክርስቲያን፣ ያውም ሰላምታ የማይወድ የተባለ ክርስቲያን፣ የሙስሊምን አፍ ከሰላምታ ላይ ሲከድን በዚያ ገበያ ታይቶ አይታወቅም። አንድ የበርበሬ ተሸካሚ ጆንያውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

ሸህ ሸረፋ መጡ። የመስጊዱ ሽማግሌ ናቸው፤ መንገዱ ሳይጠየቅ ይከፈትላቸዋል።

«አንተ ዶክተር» አሉ፣ «ሰላምታ በእጅ ይከደናል?»

ዶክተሩ እጃቸውን አላነሱም። «ጉሮሮው ውስጥ ትኩስ ቁስል አለ፣ አባቴ። አሁን ከተናገረ እንደዘጋ ይቀራል። አምና ዝም በል ብዬ ለእሱ አዘዝኩ። ስህተቱ የእኔ ነው። ማዘዝ የነበረብኝ ለእንሴኖ ነው።»

«ምን ብለህ?»

«እስኪድን ሰላም አትበሉት ብዬ።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። ሸህ ሸረፋ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሙስሊም ወንድሙን አይቶ ሰላም ሳይል ይለፍ? ይኼንን አታዝም። እኔም አላዝም። ሰላም ካልነው ደግሞ መመለስ አለበት።»

«ከመለሰ ድምፁ ይሄዳል።»

«ሰማሁህ።»

ሽማግሌው መቁጠሪያቸውን ይዘው ቆሙ። ሙሀመድአወል በዶክተሩ እጅ ሥር ዓይኑን ሸህ ሸረፋ ላይ ተክሏል። ትንፋሹ በዶክተሩ ጣቶች መሃል ሲወጣ ይሰማኛል። በገበያው ላይ የቀረው ድምፅ የአንድ አህያ ብቻ ነበር፣ እሷም ወዲያው ዝም አለች።

«ሰላምታው የመጣው ለብዙ ሰው ከሆነ» አሉ ሸህ ሸረፋ ቀስ ብለው፣ «ከመሃላቸው አንዱ ከመለሰ ለሁሉም ይበቃል። ሕጋችን ነው። እንግዲያው ይህ ሰው እስኪድን ብቻውን አይቀመጥ። ሁልጊዜ አጠገቡ የሚመልስ ሰው ይኑር።»

ዶክተሩ እጃቸውን አነሱ። «ይቻላል?»

«ሕጉ ቀላል ነው። እናንተ ናችሁ የምታከብዱት።»

«ማነው ሥራውን ትቶ የሚቀመጥለት?» አለች ሰፍያ።

ሙስተፋ የሚባል ወፍራም የጨው ነጋዴ ከኋላ ጮኸ። «እኔ! ጨውን ቁጭ ብዬ ነው የምሸጠው፣ ቁጭ ማለቱን ለምጄዋለሁ።» ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው ተከተለ። ሰላምታውን ሳይመልስ ያሳለፈው ሙሀመድአወል መሃላቸው ቆሞ ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ይጠርጋል። በበርበሬው ይሁን በሌላ አላውቅም።

«እኔስ አንድ ቀን መላሽ ልሁን?» አሉ ዶክተሩ። ሲቀልዱ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

«አንተ ጉሮሮውን መልስ» አሉ ሸህ ሸረፋ። «ሰላምታውን ለእኛ ተወው።»

ገበያው ሳቀ። ጆንያውን ያስቀመጠው ተሸካሚም አንስቶ መንገዱን ቀጠለ።

በዚያ ሰሞን ከትምህርት ስወጣ የጭነት መኪና እየለመንኩ እንሴኖ እሄድ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ሲሆን ተቀምጦ አለማየት አልቻልኩም። ሙሀመድአወል መደቡ ላይ፣ መላሹ አጠገቡ፤ ሰው በበሩ ብቅ ባለ ቁጥር መላሹ ይመልሳል፣ ሙሀመድአወል እጁን ደረቱ ላይ ያሳርፋል። አንዳንዱ መላሽ ሥራውን ወደደውና ስለ ቤተሰቡም፣ ስለ ከብቱም፣ ስለ ሱቁም በሙሀመድአወል ስም መልስ መስጠት ጀመረ። ያልሞተች ላም ሞተች ብሎ ሲናገር ሙሀመድአወል ተነስቶ በምልክት ሲከራከር አይቻለሁ። ሰፍያ ከጓዳ ሆና፣ «ላሟ አለች! እሱ ዝም ስላለ እናንተ ቤቱን አትሽጡበት» ትላለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተራው የሙስተፋ ነበር። ሙስተፋ ምሳውን በልቶ ግድግዳውን ተደግፎ አንቀላፍቷል። ሰፍያ ውሃ ልትቀዳ ወጥታለች። በሩ ላይ ከሩቅ የመጡ ሽማግሌ ቆሙ፤ አቧራው ከእግራቸው እስከ ጉልበታቸው ደርሷል። በኋላ እንደሰማሁት የሙሀመድአወል አባት የዜማ ጓደኛ ነበሩ። ሙሀመድአወል ሲያያቸው ከመደቡ ተፈናጥሮ ተነሳ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ልጄ» አሉት።

እኔ አጠገቡ ነበርኩ፣ ግን ክርስቲያን ስለሆንኩ የእኔ መልስ የእሱን ቦታ አይተካም። የሙሀመድአወል ጉሮሮ ከፍ ዝቅ ሲል አየሁ። ከንፈሩ ተላቀቀ። ከአባቱ ጋር ያዜሙ ሰው በር ላይ ቆመው መልስ ይጠብቃሉ። አንዲት ቃል ናት። ከዚያ የራሱን እጅ አንስቶ፣ ልክ ዶክተሩ ገበያ ላይ እንዳደረጉት፣ የገዛ አፉን ከደነ። በሌላኛው እጁ የሙስተፋን ጺም ይዞ ጎተተ።

«ወአለይኩም ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ» አለ ሙስተፋ። ዓይኑን የገለጠው ከጨረሰ በኋላ ነው።

ሽማግሌው ነገሩ ሲነገራቸው እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ፣ ከዚያም ሙስተፋን ወደ ጨውህ ሂድ ብለው እስከ ማታ በእሱ ቦታ ተቀመጡ።

ዶክተር ገሠሠ በተባለው ቀን ሙሀመድአወል ቤት መጡ። በር ላይ ሲደርሱ «ደህና» ብለው የሚያልፉ መስሎኝ ነበር። ቆሙ። ሸህ ሸረፋን ጤናቸውን ጠየቁ። ሙስተፋን ጨው እንዴት እንደዋለ ጠየቁ። ሰፍያን ስለ ላሟ ጠየቋት፤ ቤቱ በሙሉ ሲስቅ ለምን እንደሆነ አልገባቸውም። ዝናቡን ጠየቁ፣ እግዚአብሔር ይመስገኑም እስኪያልቅ ጠበቁ። እኔ በጭንቀት ፀሐይዋን አያለሁ። እሳቸው አላዩዋትም።

ከዚያ ሙሀመድአወልን ጀርባውን ለበሩ ሰጥተው አስቀመጡት። ኩራዟን ለኮሱ፣ መስታወቷን አሞቁ፣ እጃቸው ላይ አሳረፏት። አንዴ ብቻ አልነበረም፤ አነሱና እንደገና አሳረፏት። ፀሐይ ከበሩ ገብታ ግንባራቸው ላይ አርፋ ወደ ጉሮሮው ወረደች።

«ኢ በል» አሉት።

ሙሀመድአወል ዓይኑን ጨፈነ። መጀመሪያ ምንም አልመጣም። ከዚያ ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ያልተሰነጠቀ ድምፅ፣ ከጥሩ ማሰሮ እንደሚፈስ ውሃ ወጣ። «ኢ...»

«ድገመው።»

ደገመው። ዶክተሩ መስታወቷን አወጡ።

«ጅማቱ እንደ እንሰት ልብ ነጭ ሆኗል» አሉ። «ድኗል።»

«ይናገር?» አለች ሰፍያ።

«ይናገር። ዜማውን ግን አዲስ ጨረቃ እስክትወጣ ይቆይልኝ።»

ሙሀመድአወል ከመቀመጫው ተነሳ። ወደ ሸህ ሸረፋ ዞሮ ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ወአለይኩም ሰላም» አለ። ወደ ሙስተፋ ዞሮ፣ «ወአለይኩም ሰላም።» በር ላይ ወደ ተሰበሰቡት ጎረቤቶች ዞሮ ደገመው። በዚያች ሰዓት ማንም ሰላም አላለውም ነበር።

«የየትኛው ቀን ነው?» አሉ ሸህ ሸረፋ።

«የሁሉም» አለ ሙሀመድአወል። ሽማግሌው ፊታቸውን በሻሻቸው ጫፍ ሸፈኑ።

ዶክተሩን እስከ ገበያው ጫፍ ሸኘኋቸው። አውቶቡሱ ከወዲያ ማዶ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። ጠመኔውን ከመጥረጌ በፊት ጨርቁን ውሃ እንዳስነካው አዘዙኝና ቦርሳቸውን ከእጄ ተቀበሉ። አዲስ ጨረቃ ስትወጣ መጥተው ሲያዜም እንዲሰሙት ለመንኳቸው።

«የዚያን ጊዜ ወልቂጤ ነኝ» አሉ። «ደግሞም ሰምቼዋለሁ።»

«መቼ?»

«ኢ ሲል።»

ሄዱ። በበርበሬው ክምሮች መሃል ቀጭን ጀርባቸው እየራቀ ሲሄድ ከግራና ከቀኝ ሰላምታው ይወርድባቸው ጀመር። ከአንዷ በርበሬ ሻጭ ፊት ቆሙ። ጎንበስ ብለው ስለ ልጆቿ ጠየቋት፣ ስለ ዝናቡ ሲጠየቁ መለሱ። አውቶቡሱ ጥሩንባውን ነፋ። ጥቂት ተራምደው ደግሞ ቆሙ። ጥሩንባው እንደገና ተነፋ። እሳቸውም ያንን ባለ ምልክት ግራ እጃቸውን ለሹፌሩ ከፍ አድርገው አሳዩትና፣ ሰላም ላላቸው ሁሉ እየመለሱ፣ በቀስታ መንገዳቸውን ቀጠሉ።